ቁጥሩን ይዛችሁ ከመሮጣችሁ በፊት የማዳጋስካርን ነገር ስሙ

ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ለዘር ምርመራ ምራቃችሁን በቱቦ ልካችሁ፣ ዘራችሁ ይህን ያህል ከመቶ ከዚህ፣ ይህን ያህል ከዚያ የሚል ወረቀት ተቀብላችኋል። አንዳንዶቻችሁማ ዘረ መል ልታጠኑ ነው። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የጨረስኩትና አንድ ነገር ልምከራችሁ፤ ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ አትሩጡ።

ማዳጋስካር ያለችው አፍሪካ ጎን ነው። የቋንቋዋ የቅርብ ዘመድ ግን ደቡብ ምሥራቅ እስያ ባለችው ቦርኒዮ ደሴት ውስጥ፣ ባሪቶ ወንዝ አካባቢ የሚነገረው ማአንያን ነው። መሃላቸው የህንድ ውቅያኖስ ተዘርግቷል! የዚያው የእስያ ቋንቋ ዘመድ የሆነው ማላይ ጨረቃን ቡላን ሲል፣ የማዳጋስካር ሰው ቩላና ይላል። ድንጋይ እዚያ ባቱ ነው፣ እዚህ ቫቱ። በረት ስትገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከብቱ ኡምቢ ነው፤ የስዋሂሊው ንጎምቤ ዘመድ። ውሻው አምቡዋ ይባላል፤ በስዋሂሊ ምብዋ። ከብቱ ከየት እንደመጣ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

ደማቸውም ያንኑ ይላል፤ የአፍሪካና የእስያ ድብልቅ ነው። ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ዲኤንኤ የመረመሩ ሰዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት፣ ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ደሴቲቱን ያቀኑት ሴቶች 30 ያህል ናቸው። አብዛኞቹ ከኢንዶኔዥያ የመጡ። 30 ሴት እኮ አንድ የሰርግ ድንኳን አይሞላም። ባሰብኩት ቁጥር ልቤን ይነካዋል።

አሁን ደግሞ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ለዓመታት ተማሪዎቼን፣ ቀይ የደም ሴሉ ላይ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን የሌለውን ሰው ቫይቫክስ ወባ አይዘውም እያልኩ አስተምሬያለሁ። መጽሐፉም እንደዚያ ነበር የሚለው። በ2010 እ.ኤ.አ. ከማዳጋስካር የወጣ ጥናት ግን ዳፊ ሳይኖራቸው በቫይቫክስ የታመሙ ሰዎችን አሳየ። ኋላ እኛም አገር ተገኘ። አጥኚዎቹ እንደገመቱት፣ ዳፊ ያለውና የሌለው ሰው ጎን ለጎን ሲኖር ተውሳኩ ሌላ መግቢያ የመልመድ ዕድል አገኘ። ጥናቱን ሳነብ፣ አምነውኝ ማስታወሻ የያዙት ተማሪዎቼ ናቸው ፊቴ የመጡት።

ሌላም አለ። ዳፊን ከቀይ ሴሉ የሚያጠፋው ከአፍሪካ የመጣ ዘረ መል፣ እዚያ ደሴት ላይ ከጠቅላላው የአፍሪካ ድርሻቸው ከሚጠበቀው በላይ በዝቶ ተገኝቷል። ያበዛው ወባ ነው፤ ዘረ መሉ የነበራቸው ሰዎች ተርፈው ወለዱ። የመቶኛ ወረቀት ይህን ከየት ያመጣዋል?

ለናሙና ስትወጡ ደግሞ እባካችሁ አትቸኩሉ። በማዳጋስካር ደጋ ቤተሰብ በየጥቂት ዓመቱ መቃብር ይከፍትና የቅድመ አያቶቹን አፅም በአዲስ ጨርቅ ይጠቀልላል። ራዛና ይላቸዋል። ደም የምትጠይቁት ከእነዚህ ሰዎች ነው። መርፌውን ከማውጣታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ስለ ራዛናቸው ጠይቋቸው። ውጤቱ ሲወጣም ተመልሳችሁ ሂዱና በቋንቋቸው ንገሯቸው።