መኪና እውነቱን የሚናገረው ጠዋት ነው

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኳን አቀበለችኝ። ሁለት መኪና ታሳየኛለች። አንደኛው አዲስ ኤሌክትሪክ፣ ሌላኛው ያገለገለ ቪትዝ። «አክስቴ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትገዢ ነበር?» አለችኝ። እኔ ግን ትዝ ያለኝ ልደታ የነበረ አንድ ጋራዥ ነው።

ጊዜው 1996 ነው። በሒሳብ ሠራተኝነት 11 ዓመት ሠርቼ፣ ዕቁቤም ወጥቶልኝ፣ 60 ሺህ ብር ያዝኩ። የባልደረባዬ ዘመድ ኮሮላ ዲኤክስ ይሸጣል ተባለ። ነጭ ነው። ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል፣ ጎማው ተወልውሎ ያበራል። ልቤ እዚያው ቀረ። አባቴ ግን «መካኒክ ሳያየው ብር እንዳታወጪ» ስላለኝ ከሻጩ ጋር ይዘነው ልደታ ሄድን።

መካኒኩ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ሞቋል። የዘይት መለኪያውን መዝዘው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሹት። ከዚያ ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጡ። ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታች ናት። በሩ ላይ ሲያስጠጓት ጥብቅ አለች። የኋላው ጎን ላይ ስትደርስ ግን ተንሸራታ መሬት ወደቀች። ከቀለሙ ሥር ያለው ቆርቆሮ ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ይሄ መኪና ተመትቷል። ዘይቱም ወፍራም ነው፣ ጭስ ለመደበቅ የተሞላ ይመስለኛል። ነገ ማለዳ፣ አድሮ ሲቀዘቅዝ ልየው። መኪና እውነቱን የሚናገረው ጠዋት ነው» አሉኝ።

ሻጩ ደግሞ ከሰዓት ሌላ ገዢ ይመጣል ብሎኛል። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። «ኮሚሽን ነው የሚፈልጉት? ሌላ የሚሸጡት መኪና አለ እንዴ?» አልኳቸው። በሠራተኞቻቸው ፊት። መልስ አልሰጡኝም። የከፈልኳቸውን 50 ብር እጄ ላይ መልሰው አስቀመጡት። ማግኔቷን በጨርቋ ጠቅልለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ገዛሁት። በ58 ሺህ። በሦስተኛው ወር ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ይሞላው ጀመር። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ይናገራል። ሞተር ወርዶ ፋሻ የሚሉት የፒስተን ቀለበት ተቀየረ፣ 11 ሺህ ብር ወጣ። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩ። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። የሄድኩ ዕለት ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ፈርሷል። የት እንደሄዱ የምጠይቀው ጎረቤት እንኳ አጣሁ።

ያም ሆኖ አባቴን ደብረ ሊባኖስ ያደረስኩት በዚያው ኮሮላ ነው። ሱሉልታ ቆመን እርጎ ጠጣን። መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ እጄን መሪው ላይ ያይ ነበር። በ2001 በ85 ሺህ ሸጥኩት። በብር ከቆጠርነው እንግዲህ አልከሰርኩም።

ስለዚህ ያገለገለ አትግዙ አልልም። ግን የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ እወቁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ያ ቪትዝ የተወደደው አዲስ ስለማይገባ ነው እንጂ ጤነኛ ስለሆነ አይደለም።

እናንተ ልጆች መጀመሪያ የምታዩት ስክሪኑን ነው። መኪናውን በእጃችሁ ሳትነኩ በስልክ ቀብድ ትልካላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። ኤሌክትሪክ ከሆነ መጀመሪያ የት እንደምትሞሉት አስቡ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር ልጅ ኬብል በመስኮት አታወርድም። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ መንገዱ ዳገት ነው። ስትወርዱ የበቃችሁ ቻርጅ ስትመለሱ ላይበቃ ይችላል። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ በመሣሪያ ይለካላችሁ። ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃ እሱ ነው። ሊብሬ፣ ሻንሲ ቁጥር፣ ዕዳና እገዳ የሚባለውን ማንም ይነግራችኋል፣ እኔ ልለፈው።

እሑድ ዕለት «አዲሱን ግዢ» ብያት ነበር። ማታ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። የምትኖረው ኪራይ ቤት ነው፣ መሙያ የምታስገጥምበት ቦታ የላትም። የቪትዙ ሻጭ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንገናኝ ብሏታል። «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ያደረበት ቦታ፣ ሞተሩ ሳይነሳ በይው» አልኳት። መካኒክ ይዛ ትሄዳለች፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። መካኒኩ አትግዢ ቢላትም ዋጋውን ከፍላ፣ አመስግና እንድትሸኘው ነግሬያታለሁ።