«ሰርቨሩ ሲጠፋ» ማለት መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ለጥገና ክፍላችን የሬይድ ካርድ (በሰርቨሩ ውስጥ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያስተዳድር ካርድ) ባትሪ ስለመቀየር የአማርኛ መመሪያ አዘጋጅተናል። ካሽ የምንለው ዳታ ዲስክ ላይ ከመጻፉ በፊት ለጊዜው የሚቆይበትን የካርዱን ሜሞሪ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሰርቨሩ ሲጠፋ በካሹ ውስጥ ያለውን ዳታ ባትሪው ይጠብቃል። ሰርቨሩ ጠፍቶ ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ባትሪው በአዲስ ይቀየር።» አንዱ ባልደረባዬ «ዳታውን የሚጠብቀው ባትሪ እንዴት ይነቀላል?» ይላል፤ ሌላው ችግር አላየበትም። ስህተቱ የቋንቋ ነው? ደግሞስ «ይቀየር» ይሻላል ወይስ «ይተካ»?

መልስ፦ የቋንቋ ነው። ሁለቱን ያከራከራቸው «ጠፋ» የሚለው ግስ ነው። በአማርኛ መብራትም ይጠፋል፣ ከብትም ይጠፋል፣ ዳታም ይጠፋል፤ ሰምተን የምንለየው በዐውዱ ነው። በመመሪያዎ የመጀመሪያው «ሲጠፋ» ኃይል በድንገት መቋረጡን፣ ሁለተኛው «ጠፍቶ» ደግሞ ሰው ሰርቨሩን በሥርዓት መዝጋቱን ይናገራል። አንባቢው ግን አንድ ነገር አድርጎ ያነባቸዋል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ካርዱ የሚጻፈውን ዳታ መጀመሪያ በካሹ ይቀበልና «ተጽፏል» ብሎ ይመልሳል፤ ዲስኩ ላይ የሚያሰፍረው ቆይቶ ነው። ሰርቨሩ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲዘጋ በካሹ የቀረው ሁሉ ዲስክ ላይ ይራገፋል፤ ባትሪው የሚጠብቀው ነገር ስለማይኖር መንቀሉ አይጎዳም። ኃይል ከተቋረጠ ግን ያልተጻፈው ዳታ በባትሪው ጉልበት ብቻ ይቆያል፤ ለዚያውም እንደ ካርዱ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት፣ ባትሪው ካረጀ ከዚያም ባነሰ። በዚህ ጊዜ ባትሪውን የነቀለ ሰው ዳታውን ጣለው። ስለዚህ መጀመሪያ ኃይሉ ይመለስ፣ ሰርቨሩ ይነሣ፣ ካርዱ ካሹን ወደ ዲስክ ይጻፍ፤ ከዚያ በሥርዓት ይዘጋ። ሲነሣ ካርዱ ካሹን ለመጣል ፈቃድ ከጠየቀ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ እሺ አይባልም።

«ሲጠፋ»ን በ«ሲያጠፉት» ማረምም አይበቃም። ማብሪያውን ተጭኖ በመያዝ በግድ ማጥፋትም ማጥፋት ነውና፤ ለካሹ ግን ከመብራት መቋረጥ አይለይም። እኔ ብሆን «ጠፋ»ን ከመመሪያው አወጣና «ኃይል ሲቋረጥ» እና «ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲዘጋ» የሚሉትን አስገባለሁ። «ዝጋ» ብቻውንም አይጻፍ፤ ክዳንም ይዘጋልና።

እንደ «ዘግተው፣ ነቅለው፣ ከፍተው ያውጡ» ያለ የግስ ሰንሰለትም ለመመሪያ አይመችም። ቅደም ተከተሉን ያሳያል፤ በመካከል የሚደረገውን ማረጋገጫ ግን ይውጠዋል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱን አራት ነጥብ ያግኝ፦

«ሰርቨሩን ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይዝጉ። ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ያረጋግጡ። የኃይል ገመዶቹን ሁሉ ይንቀሉ፤ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው ሁለቱንም። የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። የአንቲስታቲክ ማሰሪያ እጅዎ ላይ ይሰሩ። ክዳኑን ይክፈቱ። የባትሪውን ኮኔክተር ራሱን ይዘው ያላቅቁ፤ ሽቦውን አይጎትቱ። አሮጌውን ባትሪ ያውጡ፤ አብጦ ከሆነ አይጫኑት፣ አይብሱት። አዲሱን በቦታው ያስገቡ። ኮኔክተሩን በትክክለኛው አቅጣጫ ይሰኩ።»

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ «ባትሪ ቀየርኩ» ሰው ሁሉ የሚለው ትክክለኛ አማርኛ ነው። ሆኖም በዚሁ መመሪያ የካርዱ የአጻጻፍ ሴቲንግም (በካሹ በኩል ወይስ በቀጥታ ዲስክ ላይ ይጻፍ የሚለው) «ይቀየራል»። ስለዚህ ለዕቃው «ተካ»፣ ለሴቲንጉ «ቀየረ» ብትሉ አይምታታም። በ«ተካ» ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ «ን» የሚወጣውን፣ «በ» የሚገባውን ይይዛል፤ «አሮጌውን በአዲስ ይተኩ»። ነገር ግን «በአባቱ እግር ተተካ» ስንል «በ» የያዘው የሄደውን ነው። በዚህ የተነሣ «አዲሱን በአሮጌው ይተኩ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ «በአሮጌው ምትክ» ማለታቸው ነው፤ ንባቡ ግን የተገላቢጦሽ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ «ባትሪው አይሠራም» እና «ባትሪው ገና አልሞላም» በመመሪያው ይለዩ። አዲሱ ባትሪ ቻርጅ እስኪሞላ፣ ለሰዓታት ሊሆን ይችላል፣ ካርዱ ካሹን ሳይጠብቅ በቀጥታ ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል። ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ካርዱን በግድ ወደ ካሽ እንዲጽፍ የሚያዝ ቴክኒሻን፣ በዚያው ሰዓት መብራት ቢሄድ ዳታውን የሚይዝለት ነገር የለም።