የጃማይካ ቅድመ አያቶቼን በመዝገብ ማግኘት እችላለሁን?

ጥያቄ፦ የአባቴ ወላጆች ከጃማይካ መጥተው ሻሸመኔ የሰፈሩ ናቸው። የዘር ሐረጋችንን ወደ ኋላ ልከተል ብል የጃማይካ መዛግብትና የድሮ ጋዜጦች እስከ የት ያደርሱኛል?
(አንባቢ፣ ከሻሸመኔ)

መልስ፦ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጃማይካ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ ማስፈር የጀመረችው በ1878 ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ ብዙ አያስቸግርዎትም። ከዚያ በፊት ለነበረው ዘመን የአብያተ ክርስቲያናት የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት ይረዳሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ባርነት ሙሉ በሙሉ ካበቃበት ከ1838 በፊት ወደነበረው ዘመን ሲሻገሩ ነው። እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በ1807 ከከለከለች በኋላ አዳዲስ ሰዎች በስውር እንዳይገቡ ለመቆጣጠር በደሴቲቱ በባርነት የተያዙ ሁሉ በ1817 ተመዘገቡ፤ መዝገቡም እስከ 1832 በየሦስት ዓመቱ ይታደስ ነበር። የሰውየው ስም፣ ዕድሜ፣ የቆዳ ቀለምና አፍሪካ ወይም ደሴቲቱ ውስጥ መወለዱ ተጽፏል፤ አንዳንድ ጊዜም የእናት ስም ይገኛል። ቅጂው ዛሬ በለንደን፣ በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሰፈሩት ያለ ቤተሰብ ስም፣ በባለቤታቸው ስም ሥር በመሆኑ የእርሻውን ወይም የባለቤቱን ስም ሳያውቁ መፈለግ እጅግ አድካሚ ነው።

ጋዜጦቹ ደግሞ ከመዝገቡ ይቀድማሉ። የመጀመሪያው «ዊክሊ ጃማይካ ኩራንት» በ1718 በኪንግስተን ታተመ። የዚያ ዘመን ጋዜጦች የሚጻፉት በአብዛኛው ለእርሻ ባለቤቶችና ለነጋዴዎች ስለነበር ገጾቻቸው በመርከቦች መምጫና መሄጃ፣ በሸቀጥና በሰው ሽያጭ የተሞሉ ናቸው። በእኔ ግምት ለዘር ፈላጊ ትልቁን ዋጋ የሚይዘው ግን ያመለጡ ሰዎችን ለማስያዝ የወጣው ማስታወቂያ ነው። ጌታው ወሮታ ለመክፈል ቃል እየገባ የሰውየውን ቁመት፣ ሙያ፣ የፊት ጠባሳና ትከሻው ላይ በጋለ ብረት የታተመውን ፊደል ይዘረዝራል፤ አልፎ አልፎም እናቱ ወይም ሚስቱ ያለችበትን እርሻ ጠቅሶ እዚያ ሳይሸሸግ እንዳልቀረ ይጠቁማል። ለማሳደድ የተጻፈው ቃል ሳያስበው የቤተሰብ ትስስርን መዝግቦ አቆየ።

ሁሉም ጋዜጣ ግን የጌቶች አልነበረም። ኤድዋርድ ጆርደንና ሮበርት ኦስቦርን የተባሉ ነጻ ክልሶች በ1829 የመሠረቱት «ዘ ዋችማን» ባርነትን በመቃወሙ ጆርደን በ1832 ለፍርድ ቀርቦ በነጻ ተለቋል። በ1834 የተመሠረተው «ግሊነር» ግን ዛሬም ይታተማል፤ የቆዩ እትሞቹም በኢንተርኔት በክፍያ ይነበባሉ።

ስለዚህ አስቀድመው የቤተሰብዎን ሽማግሌዎች አያቶችዎ ከአሥራ አራቱ የጃማይካ ፓሪሾች (የአስተዳደር ክፍሎች) ከየትኛው እንደመጡ ይጠይቁ፤ የቀድሞዎቹ መዛግብት የተደራጁት በፓሪሽ ነው። ከዚያ ስፓኒሽ ታውን ለሚገኘው የጃማይካ ቤተ መዛግብት፣ ለጋዜጦቹ ደግሞ ኪንግስተን ላለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይጻፉ።