የወንድማችሁ ጣት ከደነዘዘ ቪዛ አትጠብቁ

ለገጣፎ ወይም ሰበታ ቤት የምታስገነቡ ወገኖች፣ እንዲህ ያለ ስልክ ሊደርሳችሁ ይችላል። «ወንድምህን ግራይንደር እጁን ነካው፤ ግን አታስብ፣ ተሰፍቷል።» የኛ ሰው ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ክፉ ወሬ ቀንሶ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ራሳችሁ ጠይቁ። ጣቶቹ ሲነኩ ይሰማዋል? ያንቀሳቅሳቸዋል? ትንሿ ጣት ወይም አውራ ጣቱ ከደነዘዘ፣ ክሊኒኩ ቆዳውን ብቻ ሰፍቶ ነርቩን ሳያየው አልፎ ይሆናል።

በቢላ ወይም በመስታወት የተቆረጠ ነርቭ በቀናት ውስጥ ቢሰፋ ይመረጣል። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ሁለቱን ጫፎች ከፀጉር በቀጠነ ክር ያገናኛል። ስፌቱ መወጠር የለበትም። ጫፎቹ ከተራራቁ ከባት በስተጀርባ የስሜት ነርቭ ተወስዶ መሀላቸው ይገባል፤ በምትኩ የእግሩ የውጭ ጠርዝ ይደነዝዛል። ግራይንደር የቦጨቀው ግን ሌላ ነው። የትኛው ክፍል እንደሞተ እስኪለይ ድረስ 3 ሳምንት ያህል ሊጠበቅ ይችላል። ቁስል ሳይኖር በምት የተጎዳ ከሆነም ወራት እየተከታተሉ በኢኤምጂ (የጡንቻንና የነርቭን የኤሌክትሪክ ምልክት በሚለካ ምርመራ) ማየት የተለመደ ነው። «እንጠብቅ» ያለ ሐኪም ሁሉ ቸልተኛ አይደለም፤ ቀጠሮ ሳይሰጥ የሚሸኛችሁን ግን ተጠራጠሩት።

የኛ የዲያስፖራዎች ችግር «እዚህ አምጥቼ አሳክመዋለሁ» ማለት ነው። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከክርን የተቆረጠ ነርቭ መዳፍ ለመድረስ ብዙ ወራት ይፈጃል። ጡንቻው ደግሞ ነርቭ ሳያገኝ ከ12 እስከ 18 ወር ከቆየ መልሶ አይነሳም። የኤምባሲ ቀጠሮ ስትጠብቁ ይህ ጊዜ ያልቃል። አዲስ አበባ ውስጥ የእጅ ወይም የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ዛሬውኑ አስፈልጉ።

ጊዜው አልፎ ከሆነም ጅማት ማዛወር አለ፤ የሚሠራ ጡንቻ ጅማቱ ተነሥቶ የሰነፈውን ጣት እንዲስብ ይደረጋል። አለርት ሆስፒታል ሥጋ ደዌ ነርቫቸውን የጎዳባቸውን ሰዎች ሲያክም የኖረ ስለሆነ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም።

ወጌሻ የተቆረጠ ነርቭ አይቀጥልም። ሻንጣ ሙሉ ቫይታሚንም አይቀጥልም። ያንን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ ላኩት። ለእናታችሁም ደውላችሁ ንገሯት፦ የደነዘዘ እጅ ሙቀት አያውቅም፤ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ እሱ አያንሳ።