የደቡብ አፍሪካ ሀብትና የአፓርታይድ ውርስ

ጥያቄ፦ ደቡብ አፍሪካ በኢንዱስትሪ ከአህጉራችን አገሮች ሁሉ የላቀች ናት ይባላል። አፓርታይድ ካከተመ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ የጥቁሮች ድህነት እስካሁን ጎልቶ የሚታየው ስለ ምንድን ነው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ኢኮኖሚው ራሱ በዘር ልዩነት ላይ ስለተገነባ ነው። የወርቅ ማዕድኑ ርካሽ ጉልበት ይሻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለጥቁሮች የተፈቀደውን መሬት በአገሪቱ 7 በመቶ ገደማ ላይ በመወሰኑ (በ1936 ወደ 13 በመቶ ቢያድግም)፣ ብዙ ገበሬ ከእርሻው ተነቅሎ በማዕድን ጉድጓድ ለማደር ተገደደ። በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ደግሞ ልጆቹን ለጉልበት ሥራ ብቻ የሚያበቃ ትምህርት ደለደለላቸው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይህ ነው፤ የተነጠቀ መሬት ሊመለስ ይችላል፣ ትምህርት የተነፈገ ትውልድ ግን ወደ ልጅነቱ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ኢኮኖሚው በየዓመቱ ከ5 በመቶ በላይ ቢያድግም፣ እንደ ባንክና መድን ያሉት ዘርፎች የሠለጠነ ሰው ስለሚሹ ብዙኃኑ ከበር ውጭ ቀረ። በጆሃንስበርግ የሳንድተንን ፎቆች ከአሌክሳንድራ የቆርቆሮ ቤቶች የሚለያቸው አንድ አውራ ጎዳና ነው። ከ1994 ወዲህ መንግሥት ከሠራቸው ቤቶች እንኳ ብዙዎቹ መሬት በሚረክስበት የከተማ ዳርቻ ስለተተከሉ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ቀላል የማይባለውን ለታክሲ ይገብራል። በጆሃንስበርግ የኢትዮጵያውያን ገበያ ከሆነው ከጄፒ ሰፈር ዕቃ እየጫኑ በየታውንሺፑ፣ ማለትም በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁሮች በተከለሉት የከተማ ዳር ሰፈሮች፣ የሚነግዱ ወገኖቻችን ይህን ርቀት በሚገባ ያውቁታል።