ጠበል የሚጠመቅ ልጅ መድኃኒቱን ያቋርጣልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው በድሬዳዋ ሳቢያን ነው። የስምንት ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ እንዳለበት በሐኪም ተነግሮኝ ጠዋትና ማታ መድኃኒት ይወስዳል፤ ከጀመረ ወዲህም ቀንሶለታል። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ልወስደው ተስያለሁ። ጎረቤቶቼ ግን «መድኃኒት እየዋጠ ጠበሉ አይሠራለትም፤ እምነትሽ ጎዶሎ ነው» ይሉኛል። ላቋርጥበት?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ አያቋርጡበት። ስለትዎንም ያድርሱ።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር የሚያዘን፣ እርሱንም የፈጠረ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ስለ ሆነ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ 15 ዓመት እንደ ተጨመረለት ከነገረው በኋላ እንኳ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዟል፤ ተስፋው ከተሰጠ በለሱ ለምን አስፈለገ ያለ ግን አልነበረም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር እንዲጠቀሙ መክረው ነበር።

ጎረቤቶችዎ ምናልባት በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የተጻፈውን ልጅ አስበው የሚጥል ሁሉ ርኩስ መንፈስ ነው ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ጌታ የፈወሳቸውን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን፣ ማለትም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን፣ ለየብቻ ጠቅሷቸዋል፤ ስለዚህ አንዱን ታሪክ ይዘን በታመመ ልጅ ሁሉ ላይ መፍረድ አይገባንም።

የዚህ ሕመም መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ፣ ልጁ ደኅና በነበረበት ጊዜ እንኳ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ፣ ቶሎ የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል። መድኃኒቱን መተው የሚቻልበት ጊዜ ቢመጣ፣ ልጁ ለረጅም ጊዜ ሳይጥለው ከቆየ በኋላ፣ በሐኪሙ ትእዛዝ መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። እምነትዎን በኪኒን ቍጥር የሚለካ ሰው ካለ፣ ይህን ሚዛን ከየት እንዳመጣው እርሱ ያስረዳ።

ስለ ጾም ደግሞ፣ ልጅዎ ጾም የሚጀመርበትን ሰባት ዓመት ቢያልፍም ሕመምተኛ እንደ አቅሙ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ ረጅም ረኃብና እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ሊቀሰቅሱበት ስለሚችሉ ሌሊቱን ሙሉ በማሕሌት አያቁሙት። በሚቆርብበት ቀን የጠዋቱን መድኃኒት ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደ ሆነ አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የማይቻል ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ነግረው በሚሰጡዎት ፈቃድ ያድርጉ እንጂ በራስዎ ውሳኔ አያስቀሩበት።

ወደ ቁልቢ ሲሄዱ መድኃኒቱን ለመንገዱና ለቆይታው ከሚበቃው በላይ አድርገው፣ በመኪናው ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ጓዝ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዎ ይያዙ፤ በሕዝቡ ብዛት ምክንያት መመለሻው ሊዘገይ ይችላልና። ለአጥማቂው ሕመሙን ይንገሩ፤ ልጁም ውኃ ውስጥ ለብቻው አይቁም። ከጣለው በጎኑ አስተኝተው ከድንጋይና ከእሳት ያርቁት እንጂ ክብሪት አያሽትቱት፣ በአፉም ማንኪያ ወይም ጠበል አይጨምሩ፤ ትን ሊለው ይችላልና። ሰዓትም ይመልከቱ፤ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቀጠለ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ያድርሱት።