«ከእኔ ምን ያገኛሉ?»

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የአረጋውያንን ጤና ለረጅም ጊዜ በሚከታተል ጥናት ውስጥ አለች። በየሁለት ዓመቱ ቤት መጥተው ይጠይቋታል፣ ይለኳታል። ዘንድሮ ግን ጉልበቷ ደክሟል፤ የሰው ስምም ይጠፋባታል። «ከእኔ ምን ያገኛሉ? ጤነኛ ሰው ይፈልጉ» ብላ ልትወጣ ነው። ልተዋት ወይስ ላግባባት?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ነርስ ነኝ። ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ለዓመታት ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ብዙዎቹ ልክ እንደ ፈተና ያዩታል። የእጅ ጥንካሬ መለኪያውን ሲጨብጡ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው። ከዚያ ቀና ብለው «አለፍኩ?» ይሉኛል። እዚህ ላይ ማለፍና መውደቅ የለም። የዛሬው ቁጥር የሚነጻጸረው ከራሳቸው ከቀድሞው ቁጥር ጋር ነው።

ስለዚህ እናትሽን ሌላ ሰው አይተካቸውም። የ80 ዓመት ሰው ከ50 ዓመት ሰው ቢደክም፣ ከዕድሜ ይሁን ከአስተዳደግ በምን ይለያል? ያንኑ ሰው ዓመት ከዓመት ስትከታተዪ ነው የሚለየው። ደግሞ የደከሙት እየወጡ ብርቱዎቹ ብቻ ከቀሩ፣ ጥናቱ እርጅናን ከእውነቱ አቅልሎ ያሳያል። በጣም የሚያስፈልጉት አሁን ነው በያቸው።

ለምሳሌ በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ፣ 5,209 ሰዎችን መከታተል ተጀመረ። ያኔ ብዙ ሐኪሞች የደም ግፊት ከዕድሜ ጋር መጨመሩን እንደ ተፈጥሮ ያዩት ነበር። ለልብ ሕመምና ለስትሮክ እንደሚዳርግ ጎልቶ የወጣው፣ እነዚያ ሰዎች ታመውም አርጅተውም እየተመለሱ ስለተለኩ ነው።

ድካሙን በተመለከተ፣ ከቀጠሮው በፊት ደውለሽ ንገሪያቸው። ጥያቄውን ለሁለት ቀን መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ያልፈለጉትን ጥያቄ መዝለል መብታቸው ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 50 ዓመት የሞላቸውን በሚከታተለው የእንግሊዝ ጥናት፣ ተሳታፊው መመለስ ሲያቅተው የቅርብ ሰው ይመልስለታል። የእናንተዎቹም ይህን ይፈቅዱ እንደሆነ፣ እናትሽ ራሳቸው መወሰን በሚችሉበት በአሁኑ ጊዜ ተነጋገሩበት።

ይህን ሁሉ ሰምተውም «በቃኝ» ካሉ ግን አትጫኛቸው። ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት ይችላሉ።

አንድ ነገር አደራ፦ የስሙን መጥፋት ለጥናቱ አትተዪው። ለጥናት የሚመጣ ሰው ሊለካ እንጂ ሊያክም አይደለም የሚመጣው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያዢና ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። አንዳንዴ መንስኤው መድኃኒቱ ራሱ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የታይሮይድ ችግር ይሆናል፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።